ስም የወጣለት በግ

በልጅነቴ፣ አንድ ዓመት፣ ለፋሲካ የሚታረደው በግ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቤታችን ገባ። አባቴ በዓል ሲቃረብ የበግ ዋጋ እንደሚሰቀል ስለሚያውቅ ነው ቀደም ብሎ የገዛው። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት ቀይ በግ ነበር። ጓሯችን ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ታሰረ። ፉርሽካውን በጨው ውኃ እያሸች የምታበላው ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ጎረቤት ጎመን እየተቀነጠሰ መሆኑን ካወቀች ሮጣ ሄዳ የተጣለውን ቅጠል ለምና ታመጣለታለች። ሳምንት ሳይሞላ «ጓዴ» ብላ ስም አወጣችለት። በግ ስሙን ይለያል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ጓዴ ግን ድምጿን ሲሰማ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ወደ እሷ ይሳብ ነበር።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ቢላዋውን ሞርዶ ወደ ጓሮ ወጣ። «በስመ አብ» ሲል እህቴ ጋቢ ውስጥ ተሸፋፍና ሰማች። ረፋዱ ላይ ጥብሱ ሲቀርብ ፊቷን አዞረች። አባቴ «ብዪ እንጂ፣ በዓል አይደለም ወይ!» ብሎ ሊቆጣ ሲል አያቴ ጣልቃ ገቡ፤ «ተዋት፤ ስም አውጥታለት የለም እንዴ?» አሉት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እህቴም ወደ ዶሮ ወጡ ዞራ እስክትጠግብ በላች። ያቺ ዶሮ እኮ እሷም እግሯ ታስሮ ማድ ቤታችን ውስጥ ሦስት ቀን ከርማለች፤ እህል የበተነችላትም ያችው እህቴ ነበረች። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ዶሮዋ ስም አልወጣላትም።

አያቴ «ስለምትወደው ነው» ወይም «ስላሳዘናት ነው» ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ስሙን ጠሩ። ሰው የትኛውን እንስሳ ይበላል፣ የትኛውንስ አይበላም የሚለውን ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያች ንግግር ነው።

በአማርኛ፣ ፈረንጆች ለወዳጅነት ብለው ቤታቸው ለሚያኖሩት እንስሳ ለብቻው የተለየ መጠሪያ የለንም። «የቤት እንስሳ» ስንል ላሚቱም፣ በጉም፣ አህያዋም፣ ድመቷም፣ ውሻውም አብረው ይገባሉ። ቃሉ ቤታችንን ይመስላል። በደጋ ገበሬ ጎጆ ጥጃው ከምድጃው ማዶ ያድራል፤ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች፤ የከብቱ ትንፋሽ ሌሊቱን ቤቱን ያሞቀዋል። የሚታረደውም የማይታረደውም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ስለዚህ በሚበላውና በማይበላው መካከል ያለው ድንበር ለእኛ በቤት ደጃፍ ላይ አልተሰመረም። የተሰመረው በሰኮና ላይ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናው የተሰነጠቀውንና የሚያመሰኳውን ብሉ ይላል። ግመል ያመሰኳል፤ ሰኮናው ግን አልተከፈለም። እርያ ሰኮናው ተከፍሏል፤ ግን አያመሰኳም። ጥንቸልና ሽኮኮም ከተከለከሉት ተቆጥረዋል። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት እስከ ዛሬ ይዞ ኖሯል። ሙስሊሙ ደግሞ ግመልን ይበላል፤ እርያንና ውሻን፣ የቤት አህያንም አይበላም። ውሻ ላይ ስንደርስ ሁሉም ይስማማል፤ ማንም አይነካውም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለንደን የሚኖር እንግሊዛዊ ውሻ አይበላም፤ ጎንደር የሚኖር ገበሬም አይበላም። ምክንያታቸው ሲመረመር ፊትና ኋላ ነው። የለንደኑ ሰው የማይበላው ውሻ ወዳጁ ስለሆነ ነው፤ ሶፋው ላይ ይተኛል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የጎንደሩ ሰው የማይበላው ርኩስ ስለሆነ ነው፤ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከታየ ይባረራል፣ ስሙም ስድብ ሆኖ ያገለግላል። ሩቅ አገር ውሻ ይበላል የሚል ወሬ ሲሰሙ ሁለቱም እኩል ይሰቀጥጣቸዋል። አንዱ የታየው ክሕደት ነው፤ ሌላው የታየው ርኩሰት ነው። ስቅጥጥ ማለት ታዲያ ስለ ተበላው እንስሳ ምንም አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ስለ ሰቀጠጠው ሰው አስተዳደግ ነው። አለመብላትም መውደድ ማለት እንዳልሆነ የእኛው ግቢ ውሻ ምስክር ነው።

ቤት መግባትስ እንስሳን ከቢላዋ ያድነዋል? በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች፣ ከአይጥ የምትተልቅ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጭራ የሌላት ጊኒ ፒግ የምትባል እንስሳ አለች። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የልጆች ጓደኛ ናት፤ ማደሪያ ይሠራላታል፣ ስም ይወጣላታል፣ ስትሞት ይለቀስላታል። የአንዲስ ሰዎች ግን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ያላመዷት ለምግብ ነው። በገበሬው ቤት ምድጃው ዙሪያ ትሯሯጣለች፣ ሣርና የጓዳ ትርፍራፊ ትበላለች፣ እንግዳ ወይም በዓል ሲመጣ ትታረዳለች። ፔሩ ውስጥ በኩስኮ ካቴድራል፣ ማርኮስ ሳፓታ የተባለ ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ። ጌታ በሐዋርያቱ መካከል ተቀምጧል፤ ከፊቱ ባለው ሳሕን ላይ ጊኒ ፒግ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ ተጋድማለች። ጀርመናዊ ልጅ ይህን ሥዕል ቢያይ ያለቅሳል። ለሠዓሊው አገር ሰው ግን እሷ የበዓል ሥጋ ናት፤ ለእኛ የፋሲካ በግ እንደሆነው ሁሉ፣ ለክቡር ማዕድ የምትገባ ክቡር ምግብ።

እንግዲህ ጣሪያ መጋራት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጥቅምስ? አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ማርቪን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ምግብ ባህሎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝብ አንድን እንስሳ መብላት የሚተወው ቆሞ ሲሄድ የሚሰጠው ጥቅም ከሥጋው ሲበልጥ ነው ብሎ ይከራከራል። የእኛን አህያ ላየ ሰው ይህ ሐሳብ ውኃ ያነሣል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ውኃ የምትቀዳው፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርሰው፣ ሲሚንቶና ጡብ የምታጓጉዘው እሷ ናት። ብዙ ቤት ውስጥ የእናትን ጀርባ ከሸክም ያሳረፈች ብቸኛ ፍጥረት አህያ ናት።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ውስጥ በቻይና ባለሀብቶች የተከፈተ የአህያ ቄራ ሥራ ጀምሮ ነበር። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ኤጂያኦ የሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይወጣዋል፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ተቃወሙ፤ ነገሩ ከባህላችን ጋር ይጋጫል የሚለው ድምፅ ጎልቶ ተሰማ፤ ቄራውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድ በመላው አህጉር እንዲታገድ ወሰኑ። ሃሪስ በሕይወት ቢኖር ኖሮ «አላልኳችሁም?» የሚል ይመስለኛል። በቆዳ ንግዱ ምክንያት አህያ ካለቀች ሸክሙ ወደ ሴቶችና ወደ ልጆች ጀርባ መመለሱ አይቀርም።

ሆኖም በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ትርፍና ኪሳራ ሲያሰላ አልነበረም። «አህያ እንዴት ይታረዳል!» የሚለው ቃል ከአፍ ሲወጣ ከስሌት ቀድሞ ነው የወጣው። እህቴም ብትሆን ከጓዴ ያተረፈችው ጥቅም የለም። ጥቅም ግማሹን መንገድ ይወስደናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አያሳየንም።

ፍቅርም ብቻውን አይበቃም። በአገራችን ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ሰው ስሙን የተዋሰውን እንስሳ ቆርሶ ይበላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ካዛኮች ግን ከእኛ ባልተናነሰ ፈረስ ይወዳሉ፤ የታሪካቸውና የኩራታቸው ምልክት ነው። እነሱ የፈረስ ወተት አስኮምጥጠው ኩሚስ ይጠጣሉ፤ ካዚ የተባለውን የፈረስ ቋሊማም ለክቡር እንግዳ ያቀርባሉ። በእነሱ ዘንድ መውደድና መብላት አንድ ማዕድ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ።

ቤቱም፣ ጥቅሙም፣ ፍቅሩም ብቻ ለብቻ ካልበቁ ምን ቀረ? ኮራ ዳይመንድ የተባሉት አሜሪካዊት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ነገር ከሥሩ ነክተውታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እንስሳትም ሕመም ስለሚሰማቸው ሕመማቸው ከእኛው እኩል ሊቆጠር ይገባል ብሎ ጽፎ ነበር። ዳይመንድ ሥጋ መብላትን ለመከላከል አልተነሡም፤ ራሳቸውም ሥጋ አይበሉም። ነገር ግን ሙታኖቻችንን የማንበላው ለምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ሙት ሕመም የለውም፤ ቢሆንም አንበላውም። ሰው ማለት የሚበላ ነገር እንዳልሆነ የምናውቀው ሕመሙን ለክተን አይደለም፤ ስም አውጥተን፣ አብረን ማዕድ ቀርበን፣ ስንሞት ተቀባብረን ነው ያወቅነው። ቤት አስገብተን ስም ያወጣንለት እንስሳም ከዚሁ ወግ ጥቂት ተካፍሏል።

እኔ ይህን በአማርኛ ሳስበው ይበልጥ ይገባኛል። ቃል ከአፍ ይወጣል፤ ቃል ለሰው ይገባል። የምንናገረውንም የምንገባውንም «ቃል» እንለዋለን። ስም ማውጣት የመጀመሪያው ዓይነት ቃል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለተኛው አለ። እህቴ «ጓዴ» ስትለው በጉን መጥራቷ ብቻ አልነበረም፤ ሳታውቀው ቃል ገብታለት ነበር። አያቴ የተረዱት ይህን ይመስለኛል። በእንስሳና በቢላዋ መካከል የሚቆመው የሰኮናው ቅርጽ ወይም የብልሃቱ መጠን ሳይሆን የሰጠነው ቃል ነው። እንግሊዝ ለፈረስና ለውሻ ሰጥቷል፤ የአንዲስ ገበሬ ለጊኒ ፒግ አልሰጠም፤ እኛ ለአህያ ሳንናገረው ሰጥተናል። ያልገባውን ቃል አፈረሰ ተብሎ የሚከሰስ የለም። የገባ ግን ታስሯል።

ቃል ደግሞ ሊሰፋ ይችላል። ይህን ያየነው በደቡብ ኮሪያ ነው። ኮሪያውያን በበጋው ሦስቱ የሙቀት ቀናት፣ ሳምቦክ በሚሏቸው፣ ጉልበት ይመልሳል ብለው የውሻ ሾርባ ይጠጡ ነበር፤ ቦሺንታንግ ይሉታል፣ ሰውነትን የሚጠግን ሾርባ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክን ልታስተናግድ ስትል ከምዕራብ አገሮች የተቃውሞ ናዳ ወረደባት። መንግሥትም እንግዳ እንዳያያቸው ሾርባ ቤቶቹን ከዋና ዋና ጎዳናዎች ወደ ውስጥ መንደር ገፋቸው። ሾርባው ስሙን ቀየረ፤ የአራቱ ወቅት ሾርባ፣ አልሚ ሾርባ ተባለ። ድስቱ ግን መፍላቱን አልተወም። እንዲያውም ብዙ ኮሪያዊ፣ የማይበላው ጭምር፣ ነገሩን የአገር ክብር አደረገው። የራሱን ላም እያረደ የሰውን ውሻ የሚቆጥር ምን መብት አለው? ጥያቄው መልስ አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም።

በእነዚያ አሥርት ዓመታት ውስጥ ሌላ ነገር ደግሞ በዝግታ ይካሄድ ነበር። ኮሪያውያን ወደ አፓርታማ ገቡ፤ ልጆች አነሱ፤ ውሻ ከግቢ ወደ ሳሎን ገባ። ቋንቋውም አብሮ ተቀየረ። ቀድሞ ቤት ውስጥ የሚያድገውን እንስሳ የሚጠሩበት ቃል መጫወቻነትን ያመለክት ነበር፤ በቦታው የተተካው ለሕይወት አጋር፣ ለትዳር ጓደኛ የሚነገረው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 የአገሪቱ ብሔራዊ ሸንጎ ውሻን ለምግብ ማርባትን፣ ማረድንና መሸጥን የሚከለክል ሕግ በ208 ድጋፍ፣ ያለ አንድም ተቃውሞ አጸደቀ። አርቢዎችና ሾርባ ቤቶች ሌላ መተዳደሪያ እንዲፈልጉ ሦስት ዓመት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ለሥጋው ሲል ውሻ ያረደ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 30 ሚሊዮን ዎን ይቀጣል። የበላውን ግን ሕጉ አይቀጣም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሾርባ ሲጠጣ የኖረን ሽማግሌ ወንጀለኛ አላሉትም፤ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። የውጭ ስድብ ድስቱን ወደ ጓሮ ገፋው እንጂ አላወረደውም። ያወረደው ከውስጥ የተሰጠ ቃል ነው። ሕጉ የመጣው ቃሉ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ስለ ሩቅ አገር ሰው ይህን መናገር ይቀላል። ጣና ዳር ግን ወይጦዎች አሉ፤ ከደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ፣ በሐይቁ ላይ ኖረው በሐይቁ ላይ ያረጁ ሕዝብ። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። ራሳቸውን ሙስሊም ይላሉ፤ ነገር ግን በዚያ ሥጋ ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤታቸው ሲጸየፋቸውና ሲያገላቸው ኖሯል። ሰውን በምግቡ መጸየፍ ከሰውነት ተራ ለማውጣት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። «ይህን የሚበላ» ከተባለ በኋላ «አብሮን አይበላም»፣ «አይጋባንም»፣ «አይቀበርብንም» ይከተላል። በኮሪያዊው ላይ የምንወረውረው ቃል ትናንት በጣና ልጆች ላይ የወረወርነው ያው ድንጋይ ነው።

ታዲያ ሁሉም እንዳገሩ ይብላ ብለን እንዝጋው? አይዘጋም። ቃል ላልሰጠነው እንስሳም ቢሆን ዕዳ አለብን። ሕመም አገር የለውም። የኮሪያ ውሻ የሽቦ ጎጆ ውስጥ የሚሰማው ፍርሃትና የእኛ በግ የሚሰማው አንድ ነው። በዓል ዋዜማ ከተማችንን እንመልከታት፤ አራት እግሩ አንድ ላይ ተጠፍሮ የታክሲ ኮፈን ውስጥ የተወረወረ በግ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚያለከልክ ፍየል፣ እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥለው የሚሄዱ ዶሮዎች። አህያን አንበላም ብለን እንኮራለን፤ መርካቶ ውስጥ ግን ገጣባዋ እየደማ በቆመጥ ትነዳለች። ቁስሏን የሚያጥብላት ካጣች «አትታረድም» የሚለው ውለታችን ምኗ ነው? መልካም መጨረሻ ልንሰጠው ያልፈለግነውን እንስሳ «ንጹሕ» ብለን መብላታችን የሰኮናውን ሕግ ይጠብቅ ይሆናል፤ የርኅራኄን ሕግ ግን ይጥሳል።

እርስ በርሳችን ስንኖር ግን መልሱን ሳናውቀው ይዘነዋል። ወሎ ውስጥ ሠርግ የጠራ ሰው ዳሱ አንድ ነው፤ ድስቱ ሁለት ነው። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፤ ለዚያኛው ወገን ወጥ ቤት የተለየ ድስት፣ የተለየ ማማሰያ ይሰጣል። ማንም ማንንም «የእኔን ቅመስ» ብሎ አያስጨንቅም። ማንም የሌላውን ድስት አይቶ አፍንጫውን አይዝም። ዘፈኑ አንድ ነው፣ ምርቃቱ አንድ ነው። እያንዳንዱ የገባውን ቃል ጠብቆ፣ የሌላውንም ቃል እንደ ቃል ቆጥሮ፣ ጎን ለጎን ይበላል። ለኮሪያዊው፣ ለኩስኮው ገበሬ፣ ለካዛኩ ፈረሰኛ ልንሰጠው የምንችለው አክብሮት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

በዓመቱ አባቴ የፋሲካ በግ ይዞ የመጣው በሰሙነ ሕማማት፣ ዓርብ ማታ ነበር። እህቴ ፉርሽካ ልታመጣ ስትሮጥ እናቴ በር ላይ ጠበቀቻት። ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «አብዪው፣ ውኃም አጠጪው» አለቻት፤ «ዘንድሮ ግን ስም እንዳታወጪለት።» ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እናቴ ልጅዋን ከመብላት ልትከለክላት ወይም እንድትበላ ልታስገድዳት አልነበረም። ልትጠብቀው የማትችለውን ቃል እንዳትሰጥ ነው የለመነቻት። እህቴም በዝምታ ራሷን ነቀነቀች፤ ባልዲውን ሞልታ ለበጉ አቀረበች፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም አጠገቡ ቆማ ቆየች።